በምራቷ ላይ የለጠፈችው በሽታ

ምንጣፍ ሠሪዋ ባልቴት የልጅ ልጇን እጅ ይዛ በማለዳ ወደ ሐይቁ ስትወርድ፣ ሰው እንዳያገኛት እየጸለየች ነበር። ጸሎቷ አልሰመረም። መታጠፊያው ላይ የአናጢው ልጅ፣ ተምራ ነርስ ሆና በጤና ጣቢያው የተመደበችው፣ ቦርሳዋን አንግታ ከፊት ለፊቷ ብቅ አለች።

«እንደምን አደሩ እማማ? በዚህ ብርድ ከሕፃን ጋር ወዴት ነው?»

«ይመስገነው ልጄ። ለምንጣፌ ደንገል ላጭድ ነው።»

ማጭድ ግን አልያዘችም። በብብቷ የያዘችው የልጅቷን የተጠቀለለ ቀሚስ ነበር። ነርሷ ቀሚሱን አየችው፤ ባልቴቲቱም እንዳየችባት ገባት።

እውነቱን ለመናገር ይህች ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ግትር ነበረች እንጂ። ከዓመታት በፊት፣ እንደሷው ከልጅነቷ ጀምሮ ወገቧ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆማ ደንገል ስታጭድ ያደገችው ምራቷ፣ ማኅፀኗ አካባቢ ታመመች፤ ያለጊዜው ይደማት ጀመር፤ ጽንስም ወረደባት። ባልቴቲቱ ለልጇ «ከሌላ ወንድ ያመጣችው ነው» አለችው። እሱም አመናትና ሚስቱን ፈትቶ ሌላ አገር ገባ። ሕፃን ልጃቸው አያቷ ዘንድ ቀረች። እናትየዋ በዚያው መንደር ጆንያ እየሰፋች ለብቻዋ ትኖራለች፤ ሰላም የሚላትም የለ። አሁን ያው ደም በልጅቷ ቀሚስ ላይ መጣ።

ነርሷ ቁጢጥ አለችና «ሽንትሽ ያቃጥልሻል እንዴ የኔ ቆንጆ?» አለቻት።

«ተያት! እሷ ምን ታውቃለች? ቆሽሻለች፣ ላጥባት ነው።»

«እማማ፣ ቢፈልጉ ይቆጡኝ። ደም አይተውባታል?»

«ቀስ በይ እንጂ! ነገ ማን ያገባታል?» አለችና ባልቴቲቱ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «በየማለዳው ይዣት እወርዳለሁ፣ አጥባታለሁ። ይኸው አልተዋት አለ።»

«በዚሁ በሐይቁ ውኃ?»

«እንዲህ ኩልል ያለ ውኃ እያለ በምን ልጠባት ታዲያ?»

«ጉዱ የማይታየው ላይ ነው። ዳር ዳሩን ሣሩ ላይ የሚለጠፉትን ቀንድ አውጣዎች ያውቋቸው የለ? ከነሱ የሚወጣ፣ በዓይን የማይታይ ትል አለ። ውኃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባና ደም ሥር ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ፊኛና ማኅፀን አካባቢ ሲቀር ያቆስላል፣ ያደማል። ቢልሃርዚያ ይሉታል።»

«አይ ትምህርት! እኔ ዕድሜዬን እዚሁ ውኃ ውስጥ አይደለም እንዴ የጨረስኩት? ምን ሆንኩ?»

«በወጣትነትዎ ሽንትዎ ደም ቀላቅሎ አያውቅም?»

«እሱማ የሁላችንም ነበር» አለች ባልቴቲቱ፤ «የሥራ ብዛት ነው እንል ነበር።» ከአንድ ወንድ ልጇ በኋላ የወረዱባትን ጽንሶች አሰበች። ለነርሷ ግን አልነገረቻትም።

«ቢሆንም እንዲህ ያለው ሕመም ከወንድ ነው የሚመጣው» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ቀድሞው አልጠነከረም።

«ከወንድ የሚመጣም አለ፣ አልክድም። ይሄኛው ግን የውኃ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ለመሆኑ ይህቺ ልጅ ወንድ ታውቃለች?»

«አፍሽን ያዢ! የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ሕፃን!»

«እንግዲያውስ እማማ፣ የእናቷስ ሕመም ለምን ከወንድ ይሆናል?»

ሰው ሌላው ላይ የፈረደውን ፍርድ የሚመረምረው፣ ያው ፍርድ የሚወደው ሰው ላይ ሲመጣ ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን እንዲህ ነን። ሕፃኗን ነጻ ያወጣው ነገር እናቷንም ነጻ እንደሚያወጣት የባልቴቲቱ ልብ አወቀ። እንባዋ ወረደ።

«መድኃኒት አለው?»

«አለው፤ በክብደቷ ተለክቶ የሚዋጥ ክኒን ነው። ለእሷ ገና አልመሸም። ግን ዳግም ሐይቁ ከነከሯት ዳግም ይይዛታል። ከቧንቧ ቀድተው ይጠቧት፤ ቧንቧው ሲቋረጥ የሐይቁን አፍልተው ያቀዝቅዙት። ደንገል የሚያጭድ ረጅም ቦት ጫማ ያድርግ። ውኃው ውስጥ ደግሞ ማንም አይሽና፤ ትሉ የሚራባው በዚያ ነው።»

«ያቺስ? እናቷ?»

«ክኒኑ ትሉን ይገድልላታል። የቆየው ጠባሳ ግን ላይጠፋ ይችላል። ሁለተኛ ትወልዳለች ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ስሟን ደግሞ እኔ ጋ ያለ ክኒን አይመልስላትም።»

«አፈር ልብላ!» አለች ባልቴቲቱና የልጅቷን እጅ ይዛ ተመለሰች።

የጆንያ ሰፊዋ ምራቷ ቤት ከቧንቧው አጠገብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ባልቴቲቱ በሩ ላይ ቆማ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ ተናገረች፦ «የዚህች ልጅ እናት ንጹሕ ናት! በሽታው የውኃው ነው። ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይኸው ልጇንም ያዛት።»

እናትየዋ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለችም። ጫማዋን አድርጋ የልጅዋን ሌላ እጅ ያዘችና ሦስቱ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ እናቶች ደም ሲያዩ ልጆቻቸውን አይደብቁም፤ ወደ ነርሷ ይወስዳሉ። ሕመሙ በጊዜ እየታከመ፣ የስንቷ ልጅ ማኅፀን ተረፈ፣ ስንት ትዳርም ከሐሜት ዳነ። ደንገል አጫጆቹ ቦት ጫማ ገዙ። ልጅቷ ድናለች። እናቷ ሁለተኛ አልወለደችም። የልጅዋን ገላ ግን ከቧንቧ በቀዳችው ውኃ፣ በገዛ እጇ፣ በገዛ ቤቷ ታጥባታለች፤ ባልቴቲቱም በሩ ላይ ተቀምጣ ፎጣ ትይዝላቸዋለች።