እከክ ያልነበረው ማሳከክ

ጋሽ ሜትር ድኝ ያለበትን ቅባት ሊገዙ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ተሰልፈው ሳለ፣ ከፊታቸው የቆመች ወጣት ዞር ብላ አየቻቸውና ፈገግ አለች።

“ጋሼ፣ ረሱኝ እንዴ?”

“ፊትሽን ረስቼው ይሆናል” አሉ ጋሽ ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው እየለኳት። “ቀኝ ትከሻሽ ግን ከግራው ዝቅ ይላል። የሦስተኛ ክፍል ዩኒፎርምሽን ስሰፋ ፍዳዬን አሳይቶኛል።”

ሰፈሩ ጋሽ ሜትር የሚላቸው የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ነው። ሲተኙም አያወልቁትም የሚሉ አሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ሰፍተዋልና የጎረቤቱን ሁሉ ትከሻና ወገብ በቃላቸው ያውቁታል።

መድኃኒት ሻጩ ገና ሲያያቸው፣ ምንም ሳይጠይቅ ቅባቱን ከመደርደሪያ አወረደ። “የተለመደው ነው አይደል፣ ጋሼ?” አለ ጮክ ብሎ። ጋሽ ሜትር ሰልፈኛው ሰማ አልሰማ ብለው ዙሪያቸውን ቃኙ። ወጣቷ ሰምታለች። በጤና ጣቢያ የቆዳ ክፍል ነርስ ሆና መሥራት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ስለሆነ ቅባቱ ለምን እንደሚገዛም ታውቃለች። ከቅባቱ ይልቅ ያሳሰባት ግን በዚያ ሙቀት እስከ እጃቸው አንጓ ድረስ የተቆለፈው የሸሚዛቸው እጅጌ ነበር።

“የጋዋኔ ኪስ ተቀዶብኛል፤ አሁን ይሰፉልኛል?” አለች። ኪሱ እውነትም ተቀዷል፤ ከተቀደደ ግን ወር አልፎታል።

የልብስ ስፌት ቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ መሀል፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ ተሰፍተው ያለቁ፣ ግን ካውያ ያልነካቸው ኮቶች ተጨማደው ተሰቅለዋል።

“ካውያ የሚይዘው አማችዎ የት ሄደ?” አለች ነርሷ።

“ሄደ” አሉ ጋሽ ሜትር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የሚስታቸው ታናሽ ወንድም በዚያ ጠረጴዛ አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ተኩሷል። ከአምስት ሳምንት በፊት ጋሽ ሜትር ደጃፍ ላይ ቆመው፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ “እከክህን አጋባህብኝ! ከቤቴ ውጣ!” ብለው አባረሩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሚስታቸው የሚያናግሯቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ “ምሳ ቀርቧል” እና “በሩን ዝጋው”።

ጋሽ ሜትር ሁለት ስፒል ከንፈራቸው መሀል ያዙና ጋዋኑን መስፋት ጀመሩ። አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘምሟል፤ አገጫቸው ደረታቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ቀኝ ክንዳቸው ላይ አርፏል። ኪሱ ግማሽ ሳይደርስ ተነሣባቸው። ሁልጊዜ እንደሚጀምራቸው ከክርናቸው በታች፣ በውጭ በኩል፣ ጉንዳን ከቆዳቸው ሥር የሚሄድ ይመስል ጀመራቸው። ስፒሎቹን ተፉና ብድግ አሉ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እርጥብ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ገና ሲገቡ ያጋሉትን ካውያ ተጫኑበት።

“ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?”

“አትደንግጪ፣ ጨርቁ እርጥብ ነው” አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። “ሱፍ ውስጥ የገባ ብል በእንፋሎት ነው የሚሞተው። ቆዳዬ ውስጥ የገባውም ይሞታል።”

“ሞተ?”

“ሊሞት ነው።”

“ሊሞት ከጀመረ ስንት ወሩ ነው?”

ጋሽ ሜትር ካውያውን አስቀመጡ። “ስምንት” አሉ ቀስ ብለው።

ነርሷ ክንዳቸውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የካውያው ቃጠሎና የጥፍር ቡጭሪያ አለ፤ ሽፍታ ግን የለም። ቁስሉ ሁሉ ጋሽ ሜትር ራሳቸው የሠሩት ነበር።

“እከክ ነው፤ አትድከሚ” አሉ።

“በጣቶችዎ መሀል ያሳክክዎታል?”

“የለም።”

“ወገብዎን? ብብትዎን?”

“የለም አልኩሽ። እዚህ ብቻ ነው።”

“ባለቤትዎስ ያካሉ?”

“እሷ? ብታክማ ደስ ባለኝ! ቢያንስ የምናወራው ነገር ይኖረን ነበር።”

“አማችዎስ? ሲያክ አይተውት ያውቃሉ?”

“በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን።”

“ታዲያ በምን ምክንያት ከሱ ተጋባብኝ አሉ?”

“ያገለገለ ኮት ገዝቶ ለብሶ መጣ። በሳምንቱ ክንዴን ጀመረኝ። ሌላ ከየት ይመጣል? ሲያክ ያላየሁትም ስለሚደብቀኝ ነው።”

“ጋሼ፣ እከክ ይደበቃል?”

ጋሽ ሜትር አማቻቸውን ያባረሩት ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ስምንት ወር ሙሉ አንሶላ ቀቅለዋል፣ ፍራሽ ፀሐይ አስጥተዋል፣ ሰባት ብልቃጥ ቅባት ጨርሰዋል። ይህን ሁሉ አድርጎ ያልተሻለው ሰው ከመድኃኒቱ ይልቅ ጥፋተኛውን መፈለግ ይቀለዋል። ጥፋተኛ ደግሞ በቅርብ ካለ ሰው ይመረጣል።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አለች ነርሷ። “መኪናው ክር እየበጠሰ ቢያስቸግርዎ መርፌውን ይመቱታል?”

“መርፌው ምን አደረገኝ? ክሩ የሚያልፍበትን ሁሉ ከላይ ጀምሬ አያለሁ። መወጠሪያው ጠብቆ ይሆናል። የሆነ ቦታ ተጠልፎ ይሆናል።”

“የሚበጠሰው ግን መርፌው አጠገብ ነው።”

“የሚበጠስበትና የተበላሸበት ቦታ አንድ ነው ያለሽ ማን ነው?” ሙያቸውን የነካባቸው ሰው ሲያጋጥማቸው እንደልማዳቸው ድምፃቸው ከፍ አለ።

ነርሷ በአገጯ ወደ ክንዳቸው ጠቆመች። ጋሽ ሜትር ክንዳቸውን ዝቅ ብለው አዩት፤ ከዚያ እሷን አዩ።

“የክንድዎን ስሜት ወደ ጭንቅላት የሚያደርሰው ክር ነርቭ ይባላል” አለች። “የሚያልፈው በአንገትዎ በኩል ነው። እዚያ ከተጨቆነ፣ ቆዳው ምንም ሳይሆን እከከኝ እከከኝ ይላል። እርስዎ ሠላሳ ስምንት ዓመት አንገትዎን ደፍተው ነው የሠሩት። ክንድዎም ሲሠሩ የሚውለው ፀሐይ ላይ ነው፤ ፀሐይም ይቀሰቅሰዋል።”

“አንገቴ ውስጥ ቢሆን አንገቴን ባሳከከኝ!”

“ክሩስ ለምን መወጠሪያው ላይ አይበጠስም?”

“እንዲህ ያለውን አመላለስ ትምህርት ቤት ነው ያስተማሩሽ?”

“ቤቴም እንደዚህ ነኝ፤ እናቴን ይጠይቋት” አለችና ተነሣች። ከጎን ካለው ለስላሳ መሸጫ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። በፎጣ ጠቅልላ ካልቆሰለው ቆዳ ላይ አሳረፈችው።

ጋሽ ሜትር ሊቃወሙ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ትከሻቸው ወረደ። “ምን አደረግሽበት?” አሉ።

“ምንም። ይህን ዓይነቱን ማሳከክ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነገር ያስታግሰዋል። ካውያው ግን ለአፍታ አስረስቶ ቁስል ይተዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እርግጡን የሚነግርዎ እሱ ነው። ነገ ጤና ጣቢያ ይምጡ።”

ጋሽ ሜትር ሄዱ። ሐኪሙ ክንዳቸውን በጥጥና በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ፤ አንገታቸውን አዟዟረ፤ ራጅ አስነሣ። በመጨረሻም የአንገታቸው አጥንት በሥራ ብዛት መጎዳቱንና ነርቩን መጫኑን ነገራቸው። የሚዋጥ መድኃኒትና አንገት ማፍታቻ እንቅስቃሴ አዘዘላቸው። ደግሞም፣ “ይቀንስልዎታል፤ ጨርሶ ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም” አላቸው።

ጋሽ ሜትር ከክፍሉ የወጡት እንደገቡት አልነበረም፤ ተናደው ነበር። ነርሷን ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

“ካልጠፋ ታዲያ ለምን አመጣሽኝ? እከክ ቢሆን እኮ ይድን ነበር!”

“አሁን እከኩን ናፈቁት?”

“አትቀልጂ፣ ልጄ። ዕድሜ ልኬን ሳክ ልኑር?”

“ማሳከኩና ማከኩ ይለያያሉ፣ ጋሼ። ያቆሰለዎት ጥፍርዎና ካውያው ነው። ማሳከኩ አንዳንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ያድርጉበት። ጥፍርዎን ያሳጥሩ። ሲተኙ ክንድዎን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ። መኪናውን ከፍ ያድርጉት፤ ከፀሐዩም ያንሡት።”

“ከመስኮቱ ከራቅሁ ብርሃን ከየት ላምጣ?”

“መጋረጃ ይስፉበት። ልብስ ሰፊ አይደሉ?”

ጋሽ ሜትር ሳያስቡት ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡ። “አማቼ እንግዲህ እከክ አልነበረበትም” አሉ ወለሉን እያዩ።

“አልነበረበትም።”

“ሰው እልክበታለሁ። ሽማግሌ።”

“ሲያባርሩት ሰው ልከው ነበር?”

ጋሽ ሜትር ይህን ጥያቄ ሦስት ሳምንት ይዘውት ዞሩ። በሦስቱ ሳምንት መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ዋጡ፤ መጋረጃውን ሰፉ፤ መኪናውን እንጨት አስገብተው ከፍ አደረጉት፤ ቁስሉም ደረቀ። ለእያንዳንዱ ነገር ጊዜ ያገኙለት ዋናውን ነገር ለማዘግየት እንደሆነ ግን ያውቁ ነበር። ሚስታቸው አሁንም ምሳ መቅረቡን ብቻ ይነግሯቸዋል። አንድ ረፋድ ላይ የስፌት ቤታቸውን ዘጉና አማቻቸው ወደተቀጠረበት ላውንደሪ ሄዱ።

ባንኮኒው ፊት መጋረጃ ያቀፈች ሴትና ዩኒፎርም የያዘ ሹፌር ተራ ይጠብቃሉ። አማቹ ከባንኮኒው ጀርባ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰ ነው። ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

“ምን ልተኩስልዎ፣ ጋሼ? ወይስ እዚህም እከኬን ፍለጋ መጡ?”

“ለብቻችን እናውራ።”

“ለብቻችን?” አለ አማቹ። “ሲያባርሩኝ ለብቻችን ነበርን? የዳቦ ቤቱ ሰልፍ እንኳ ዞሮ ነው ያየኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር እጄን የሚጨብጠኝ ስንት ሰው እንደሆነ ያውቃሉ? ልጨብጣቸው ስል ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ። ባርኔጣ የሌላቸው እንኳ!”

ሹፌሩ ሳቅ አመለጠው። መጋረጃ ያቀፈችው ሴት ግን አልሳቀችም፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጋሽ ሜትር እርምጃዋን አዩ። አባርረው የጨረሱት መስሏቸው የነበረው ነገር ገና እንዳላለቀ ያን ጊዜ ገባቸው።

እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ክንዳቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

“ስሙኝ” አሉ ጮክ ብለው። “ይህን ሰው እከካም ብዬ ከቤቴ ያባረርኩት እኔ ነኝ። እከክ የለበትም፤ ኖሮበትም አያውቅም። እኔም የለብኝም። የታመመው አንገቴ ውስጥ ያለ ነርቭ ነው፤ ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም። ሳልጠይቅ ፈረድኩበት። በደልኩት።”

“ታዲያ አሁን ድነዋል?” አለች ሴትዮዋ።

“አልዳንኩም። ትናንትም አሳክኮኛል። ግን ሸሚዜን ደም አይነካውም፤ እንቅልፍ እተኛለሁ፤ በሙቀት እጅጌዬን አጥፌ እሄዳለሁ። ሲመጣብኝ በረዶ አደርግበትና እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ምን እንደሆነ ስለማውቅም ሰው አልጠረጥርም። ቀድሜ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ኖሮ ስምንት ወር አልቃጠልም ነበር፤ ወንድሜም እዚህ ቆሞ አንሶላ አይተኩስም ነበር።”

አማቹ “ወንድሜ” የሚለውን ቃል ሰምቶ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ አቆመ። ጋሽ ሜትር ሊቀጥሉ ሲሉ ግን ክንዳቸውን ጀመራቸው። ግራ እጃቸው ሊያክ ሄደ፤ መሀል ላይ ጨብጠው አስቀሩት።

አማቹ ከባንኮኒው ዞሮ መጣ። “እዚህ ጋ ነው?” አለና መዳፉን ክንዳቸው ላይ አሳረፈ።

“ትንሽ ወረድ አድርገው።”

መዳፉን ወረድ አድርጎ ጫን አለበት። ሴትዮዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

“ከተጋባብኝ እርስዎን ነው የምከሰው” አላቸው አማቹ።

“አይጋባም አልኩህ እኮ! አታምነኝም?”

“እኔም ያን ቀን የለብኝም ብዬዎት ነበር” አለ አማቹ። መዳፉን ግን አላነሣም።