ዝቅ ብሎ የታሰረው የልብስ ገመድ

ግቢ እታለም፣ ግቢ። መሰላሉ አጠገብ ብቻ አትቁሚ፣ ሽቦ ሲቆርጥ ራስሽ ላይ እንዳይጥልብሽ። እዚህ መስተዋቱ ጋ ነይና ጠርዙን በስፒል ልያዝልሽ… ጎሽ፣ ቀጥ በይ። ልጆች ደህና? ሱቅ እንዴት ነው? እዚህማ መብራቱ እምቢ ብሎኝ ስፌት በዳበሳ ሆኗል። አምፖሉ ተቃጠለ፣ ቀየርኩት። ደግሞ ተቃጠለ፣ ቀየርኩት። ሦስተኛው ትናንት ጧ ብሎ ቀረ።

መሰላሉ ላይ ያለውን አላወቅሽውም እንዴ? የታናሽ እህቴ ባል እኮ ነው፣ ኤሌክትሪሻኑ። እግዜር ይስጠው፣ ስለምነው "ነገ"፣ "ከነገ ወዲያ" ሲለኝ የከረመ ሰው ዛሬ ሳልጠራው መሰላሉን ተሸክሞ ከች አለ። "ከሰዓት በኋላም እዚሁ ነኝ" ብሎኛል። ዛሬ ከሰዓት ሌላ ምን ጉዳይ ይኖረዋል ብለሽ ነው… ምንም የለውም መሰለኝ።

ሥራውን ግን አየሽልኝ? አምፖሉን ዞር ብሎም አላየው። "ሦስቴ ከተቃጠለ አምፖሉን መውቀስ ሞኝነት ነው፤ መስመሩ ከዚያም ከዚህም በኩል መታየት አለበት" አለኝ። እንዴት ያለ አስተዋይ ነው እቴ። እንዲህ የሚያውቅ ባል ያላት ሴት ምን ይጎድልባታል?

እሱን እንተወውና የሌላ ሰው ወሬ ላጫውትሽ። አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ እንደ እህቴ ነው የማያት… እንደ እህቴ። ባሏ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ቧንቧ ነው ያልኩሽ፣ ሽቦ አይደለም። ልጅቷ ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ገና ሆዷ ሳይታወቅ ጨነገፈባት። ባሏ ታዲያ ምን ያህል አሳቢ መሰለሽ። እናቱ "እጇን ወደ ላይ እየሰቀለች ልብስ ስታሰጣ ነው የሚያስወርዳት" ሲሉት፣ በዚያው ቀን መዶሻውን ይዞ ወጣና የልብስ ገመዱን ወገቧ ድረስ ዝቅ አድርጎ አሰረላት። አንሶላው መሬት ሲጠርግ ይውላል፣ የጎረቤት ድመት ትተኛበታለች። ፍቅር ማለት ይሄ አይደል? ደረጃ ከለከላት። ቀዝቃዛ ውሃ ከለከላት። መሳቅ ብቻ ነው ያልከለከላት፣ እሱንም ረስቶት ይሆናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት አሉ፣ እኔ ግን አልልም። ለቃሚው ምን ያህል እንደደከመ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዙሪ እስቲ… በዚህ ጎን ትንሽ ይረዝማል።

ሐኪሟ ታዲያ ምን አለቻቸው መሰለሽ… አለቻት ማለቴ ነው። እሱ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መኪና ይሰረቃል እኮ፣ ሚስትን ማን ይሰርቃል። "ልብስ በማስጣት፣ ደረጃ በመውጣት ፅንስ አይጨነግፍም" አለቻት። እንዲህ ሲደጋገም አንዳንዴ የእንቅርት ዕጢ ነው፣ አንዳንዴ ስኳር፣ አንዳንዴ ደም ያለ ቦታው የሚረጋበት ሕመም፣ አንዳንዴ ማህፀን ውስጥ እንደ ግድግዳ ያለ ነገር ይኖራል። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ሳይገኝ ይቀርና ቀጣዩ በሰላም ይወለዳል። ልጅቷ ሁሉንም ተመረመረች። ደሟን ቀዱ፣ ሆዷን አዩ፣ ደግመው ቀዱ። ምንም አልተገኘባትም። አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከባልም ከሚስትም በኩል ሊሆን ይችላል፣ ዘር ውስጥ ቦታውን የለቀቀ ነገር። ያለበትን ሰው አያመው፣ አያስታውቅበት። እኔ በስፌት ነው የገባኝ። የኮሌታው ቁራጭ ከእጅጌው ጋር ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ጨርቁ አልጎደለም፤ ልትሰፊው ስትነሺ ግን አንዳንዴ አልገጥም ይላል፤ ፅንሱም እንደዚያው ነው። የማንም ጥፋት አይደለም፣ ሐኪም የሚያማክርበት መንገድም አለው አለች። ብቻ "ሁለታችሁም መጥታችሁ ደም ስጡ" አለች።

ሁለታችሁም። ከባድ ቃል እኮ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው እስከ ዛሬ ትርጉሙን እያሰበበት ነው።

"በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ። እናቱም የለም ብለዋል፣ እሳቸው እያሉ ሐኪም ምን ሊያደርግ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ይሄ ሰው ግን እንዴት ያለ ትሑት ነው፤ ጥፋቱ ሲቆረስ ሙሉውን ለሚስቱ ሰጥቶ ለራሱ ፍርፋሪ እንኳ አላስቀረም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ… አይ ተዪው፣ የቀረውን ረስቼዋለሁ።

እኔ በበኩሌ የጠረጠርኩት መርፌውን ነው። ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የተላጠ ሽቦ የሚጨብጥ… ቧንቧ ማለቴ ነው፣ ቧንቧ የሚጨብጥ ጎበዝ፣ ይቺን የምታህል መርፌ ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ጣቴን ስወጋ እውላለሁ፣ ይኸው አልሞትኩም። ወይም መርፌውንም አይደለም፣ መልሱን ይሆናል የፈራው። እሱስ ያስፈራል፣ አልፈርድበትም። ሚስቱ ግን ያንኑ የሚያስፈራ መልስ ብቻዋን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

አትሳቂ እታለም፣ ስፒሉ ይወጋሻል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ይውጣልኝ። የመጨረሻው የጨነገፈባት ቀን እኔ ጋ ነበረች፣ እዚህች ወንበር ላይ። ፊቷን አጥቤ፣ ጋቢ ደርቤላት ቁጭ ስትል ምን አለችኝ? "እትዬ፣ ትናንት መጋረጃ ሰቅዬ ነበር። ለእሱ እንዳትነግሪብኝ።" ሐዘን ላይ ያለች ሴት እንደ ሌባ ትደበቅ? ያን ቀን ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም ንዴቱ አልወጣልኝም… ይኸው፣ ስፒሉን አጣመምኩት። ሌላ አቀብዪኝ።

ደም የሚሰጡበት ቀጠሮ ዛሬ ከሰዓት ነው። ክሊኒኩ እዚሁ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ነው፣ ሩቅ አይደለም። ይሄኔ ልጅቷ ቀድማ ደርሳ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላው ላይ ቦርሳዋን አድርጋለች። ሰው ሲመጣ "የተያዘ ነው" ትላለች። ባለፈውም እንዲሁ ብላ፣ ባለ ወንበሩ ሳይመጣ፣ ቦርሳዋን አንስታ ተመለሰች። ቧንቧ ሠራተኛው ዛሬ ሥራ በዝቶበታል አሉ። ደግ ሰው አይደል፣ ሳይጠሩት የሚሄድበት ቤት አያጣም።

እሰይ፣ በራልን። አየሽ? ከላይ በኩል ሽቦው ላልቶ ኖሯል። ስንቱን ደህና አምፖል በከንቱ ስረግም ከረምኩ።

ውረድ አማቻችን፣ ቀስ ብለህ። ምነው እንዲህ ላበህ? ወሬውን ሰምተህ እንዳይሆን፣ አንተ የማታውቀው ሰው ነው። መሰላሉን ካሻህ እዚሁ ተወው፣ ማታ ትወስደዋለህ። የጠቀለልከውን እጅጌ ግን አታውርደው፣ እንደዚያ ያምርብሃል። በል ና፣ ልመርቅህ። እጅህን ይባርከው። ቤቴን እንዳበራህልኝ ቤትህ ይብራ። ሴት ልጅ ይስጥህ፣ እናቷን የምትመስል። ትደግልህ፣ ትማርልህ፣ ወግ ማዕረጓን ያሳይህ። ስትዳር ደግሞ እግዜር ከሩቅ አያምጣባት… ልክ እንዳንተ ያለውን ባል ይስጣት። አሜን በላ።