በእንፋሎት የተላጠ ፈቃድ

ከዘቃዚቅ ወደ ካይሮ የሚሄደው የጠዋት ባቡር ያን ቀን የአዳምን ዘር በሙሉ ጭኖ ነበር። መቀመጥ ቀርቶ መተንፈስም በተራ ነው። በዚያ ትርምስ ውስጥ ሐጂ ሸዋድፊ ወንበር አገኙ። በጉልበት አይደለም፤ በአልጋ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቶ ሲገቡ ያየ ሁሉ የታመመ ልጅ ይዘው ሐኪም ቤት የሚሄዱ መስሎት ተነሣላቸው። እሳቸውም አላረሙትም።

ልጅ አልነበረም፤ ኮምፒውተር ነበር። የሞተ ኮምፒውተር።

ሐጂ ሸዋድፊ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ እጅ ቢዘረጉ ሁለቱም ግድግዳ በሚነካባት ሱቃቸው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው አቤቱታ ሲተይቡ ኖረዋል። የተየቡት ወረቀት ጫፍ ለጫፍ ቢገጣጠም ዘቃዚቅን ከአሌክሳንድሪያ አገናኝቶ ትርፉ ባሕሩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ያፋቱት ባልና ሚስት አንድ ከተማ ይሞላል፤ ያካፈሉት ርስት አንድ አገር ያህላል። ከዚያ ሁሉ የተረፋቸው ግን ሁለት የተጣመሙ ጣቶች፣ የፈዘዘ ዓይንና እንቅልፍ እንጂ ሌላ የማይመኝ ልብ ብቻ ነው።

አጠገባቸው መስኮቱን ተደግፋ የተቀመጠች ወጣት ዞር ብላ አየቻቸው።

«ሐጂ ሸዋድፊ አይደሉም?»

ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው አወቋት። በእሳቸው መንገድ ላይ ያለው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ኢብቲሃል ናት። ኮምፒውተር ተምራ ተመርቃ ካይሮ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ያሉትን ማሽኖች በሙሉ የምትጠብቅ ኢንጂነር ሆናለች።

«የመመረቂያ ጽሑፌን የተየቡልኝ እርስዎ ነበሩ» አለች።

«ስሕተት ነበረው እንዴ?»

«ሦስት መቶ ያህል።»

«በከፈልሽው ልክ ነው» አሉ ሐጂ፤ ሁለቱም ሳቁ። የሐጂ ሳቅ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞት ቆመ።

ምን ይዘው እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው ነገሩን ከሥሩ አወጉላት። ሱቃቸው ውስጥ ያለው ሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው። አንደኛው ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ጢስ ተፍቶ ሞተ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከሚሠሩት ሥራ ከአራት እጅ ሦስቱን የሚሰጣቸው የጥብቅና ቢሮ ኃላፊ ኡስታዝ መምዱሕ መጡ። በሌላ የጽሕፈት ሱቅ፣ በተሰረቀ ፕሮግራም በሚሠራ ማሽን ውስጥ ቫይረስ ገብቶ የአንድ ደንበኛቸውን መዝገብ ዶግ አመድ አድርጎታል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ቀስቅሶ ሥራ የሚያስይዘው ዋናው ፕሮግራም ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው እስከ እሑድ ካላሳዩ፣ ሥራው አደባባዩ ማዶ ለተከፈተው አዲስ ሱቅ ይሄዳል። እሱ ከሄደ ሱቋ ትዘጋለች። ሱቋ ከተዘጋች አማቻቸው የዶሮ እርባታው በር ላይ ጠባቂ ሊያደርጋቸው ቃል ገብቷል። ሰውዬው ይህን ሲናገሩ ዶሮዎቹ ከወዲሁ የሚጮኹባቸው ይመስሉ ነበር።

ባለቤታቸው ቡሰይና ሁለቱን የእጅ አምባሮቿን አውልቃ ሰጠቻቸው። ብታለቅስ ይሻል ነበር። አምባሮቹ ተሸጠው ገንዘቡ አሁን በኮታቸው የውስጥ ኪስ ነው። የካይሮው ሻጭ በስልክ «ማሻሻያውን ይውሰዱ፤ ከሁሉ አዲስ ነው፣ በካርቶን ታሽጎ ከሚሸጠው ሙሉ ፕሮግራም በብዙ ይረክሳል» ብሏቸዋል። እናም የሞተውን ማሽን አስጠግነው ሁለት ማሻሻያ ገዝተው ሊመለሱ ነው።

ኢብቲሃል፣ «ማሻሻያውን ምን ላይ ሊጭኑት ነው?» አለች።

«ኮምፒውተሩ ላይ ነዋ። አህያ ላይ ልጫነው?»

«አሁን ማሽኑ ላይ ያለው ምንድን ነው ማለቴ ነው። ፈቃድ አለው?»

ሐጂ በኩራት የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርገው በሣጥኑ ጎን ያለውን ተለጣፊ አሳዩዋት። ተለጣፊው ጠርዙ ተጨማዷል፤ በላዩም ግልጽ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ልጅቷ አጎንብሳ አነበበች።

«ሐጂ፣ ይሄ የሌላ ፋብሪካ ማሽን ስም ነው የያዘው። ይሄ ሣጥን ደግሞ በቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። ተለጣፊው እንዴት እዚህ መጣ?»

ሐጂ መስኮቱን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻም እንደ ደከመ ተከሳሽ ተናዘዙ። በወጣትነታቸው ሥራውን ያስተማራቸው ሰው፣ ቴምብር በተወደደ ጊዜ አሮጌ አቤቱታ በሻይ ጀበና አፍ ላይ ይዞ፣ ቴምብሩን በእንፋሎት ላጥ አድርጎ በአዲሱ ላይ መለጠፍን አብሮ አስተምሯቸው ነበር። ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ሁለት ኮምፒውተር ገዙ፤ ከነተለጣፊያቸው። ማሽኖቹ ከኤሊ የሚዘገዩ ሆኑባቸው። ስለዚህ ተለጣፊዎቹን በጀበና ልጠው በተገጣጠሙት ሁለት ማሽኖች ላይ ለጠፉና የተለጣፊዎቹን ባለቤት ማሽኖች ሰገነት ላይ፣ ከቡሰይና እርግቦች ጋር ጣሏቸው። በተገጣጠሙት ላይ የተጫነው ፕሮግራም ከገበያ በሲዲ የመጣ የተሰረቀ ኮፒ ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ አይቸኩል። ዕድሜውን በቴምብር የኖረ ሰው፣ ፈቃድ ማለት ወረቀት፣ ወረቀት ማለት ማኅተም፣ ማኅተም ማለት ደግሞ ሙጫ ነው ብሎ ቢያምን የሚገርም አይደለም። ከሐጂ የሚሻል የተማረ ሰውም ይኸንኑ ያምናል፤ የሚለየው ጀበና ስለሌለው ብቻ ነው።

ባቡሩ ቢንሃ ከተማ ሳይደርስ በሽንኩርት ማሳ መካከል ቆመ። ለምን ቆመ ብሎ የጠየቀ የለም። በዚያ መስመር ለባቡር መቆም ምክንያት የሚጠይቅ እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ሙቀቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ አፍ ነደደ። ክርክሩም እዚያው ተጀመረ።

ሐጂ አገር ሙሉ በተሰረቀ ኮፒ እንደሚሠራ፣ የፕሮግራሙ ባለቤቶች ባሕር ማዶ ያሉ ሀብታሞች እንደሆኑና በእሳቸው የተነሣ እራታቸው እንደማይጓደል አስረዱ።

«እነሱ አይራቡም» አለች ኢብቲሃል። «የሚራቡት እርስዎ ነዎት። የተሰረቀው ኮፒ ቁልፉን ለሰበረው ሌባ የኋላ በር ተትቶለት ነው የሚመጣው። ከባለቤቱ የሚላከው የደህንነት ጥገናም አይደርሰውም። የሰው ምስጢር ተቀብለው የሚተይቡት በተከፈተ ቤት ውስጥ ነው።»

«እሺ፣ ተረታሁ። ለዚህም አይደል ማሻሻያ ልገዛ የምሄደው? ሕጋዊ ልሆን ነው እኮ መንገድ የመታሁት።»

«ማሻሻያ ፎቅ ነው፣ ሐጂ። ከሥሩ ሕጋዊ ምድር ቤት ይፈልጋል። አሮጌው ፈቃድ ላለው ሰው አዲሱን በቅናሽ ይሰጡታል፤ የረከሰውም ለዚህ ነው። የእርስዎ ተገጣጣሚዎች ምድር ቤት የላቸውም። እርስዎ አየር ላይ ሁለተኛ ፎቅ ሊሠሩ ነው።»

«እኛ ሰፈር እንዲያ የተሠራ ስንት ቤት አለ መሰለሽ» አሉ ሐጂ።

«አለ። ከሥሩ ግን ደፍሮ የሚተኛ የለም።»

ሰውዬው ላባቸውን በአልጋ ልብሱ ጫፍ ጠረጉ። ከዚያም ሻጩ ሌላም ርካሽ ነገር እንዳለው አስታወሱ፤ በአዲስ ማሽን ላይ ተጭኖ የሚሸጠውን ዓይነት ፈቃድ ለብቻው በፖስታ አሽጎ እንደሚሸጥ ነግሯቸው ነበር። እንግዲያው እሱን እገዛለሁ አሉ። ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ከማሽኑ ጋር የተጋባ ነው። በተለይ ሁሉ ነገር ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዱ ጋር። ማዘርቦርዱ የሞተ ቀን አብሮ ይቀበራል፤ ወደ ሌላ ማሽን አይሻገርም። ችግር ቢገጥምዎትም የሚጠይቁት ማሽኑን የሸጠልዎትን እንጂ የፕሮግራሙን ባለቤት አይደለም።»

በዚህ ጊዜ ሐጂ ተቆጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት ከጠበቃ ጋር የኖረ ሰው ቁጣው እንኳ አንቀጽ አለው።

«የከፈልኩበት ነገር እንዴት ይቀበራል? ገንዘቤን ሰጥቻለሁ፤ ወረቀቱ በእጄ ነው። ወረቀቱ በእጄ እያለ መብቴን ማን ይወስደዋል? ይህን የሚል ሕግ የት ነው ያለው?»

ኢብቲሃል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የሰዓት ሠሪው የሙዓሊም ቢሻራ ኪራይ እንዴት ሆነ?» አለች።

ሐጂ የያዙትን ጥቅል ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

ሙዓሊም ቢሻራ ሱቁን የያዘው ከአባቱ በወረሰው የድሮ ኪራይ ነበር፤ በዛሬ ገንዘብ የአንድ ስኒ ሻይ ዋጋ በወር። ማንም ሊያስወጣው አይችልም ነበር። አንድ ክረምት ከባድ ዝናብ መጣና ሕንፃው ተደረመሰ። ሰውዬው ከፍርስራሹ ላይ ውሉን በእጁ ይዞ እንደ ሐውልት ቆመ። አቤቱታውን በነጻ የተየቡለት ሐጂ ሸዋድፊ ናቸው፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ። ድንጋይ አለቀሰ፤ ዳኛው ግን አላለቀሱም። ቢሻራ ያንን ዓመት አልጨረሰም። የፍርዱን ግልባጭ የተየቡትም ራሳቸው ሐጂ ነበሩና እያንዳንዱ ቃል ጣታቸው ውስጥ ቀርቷል።

ባቡሩ አሁንም ቆሟል። አንድ ሽማግሌ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ መሬት ይተፋል።

«ውሉ የተሰጠው በቤቱ ላይ ነው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚያነቡ። «ቤቱ ከሌለ ውሉ የለም።»

«አዎ» አለች ልጅቷ።

«በካርቶን የሚሸጠው፣ ውዱስ?»

«እሱ የገዙት ፍሪጅ ነው። ቤቱ ቢፈርስ ተሸክመውት ሌላ ቤት ይገባሉ። ማዘርቦርድ ቢቀይሩ፣ ማሽኑን ራሱን ቢጥሉ፣ ፈቃዱ የእርስዎ ነው። ግን አንድ ፍሪጅ በሁለት ማድ ቤት አይቆምም። አንዱ ላይ ሲያደርጉት ከሌላው ያወርዱታል።»

ሐጂ ረዥም ትንፋሽ አወጡ። «ደከመኝ፣ ልጄ። ለአንዲት ሱቅ ሦስት ዓይነት ፈቃድ? በእኔ ጊዜ የጽሕፈት መኪናው ሪባን ሲያልቅ ሪባን መግዛት ነበር፤ በቃ።»

«ደክሞዎት ስለሆነ ነው ማሰቡ የሚጠቅመው። ዋጋውን አይጠይቁ፤ ማሽኑን ይጠይቁት። እንደ ተወለደ ይኖራል ወይስ ሆዱን ሲቀይሩለት ይኖራል?»

ሐጂ እቅፋቸውን ተመለከቱ። የያዙት ማሽን አራት ጊዜ ሆዱ ተቀይሯል፤ እንደ አሮጌ ሚኒባስ ከስሙ በቀር የራሱ የሆነ ነገር የለውም። ለእሱ ሙሉው ካርቶን እንደሚገባ ሳይነገራቸው ገባቸው። ልጅቷ ሰገነት ላይ ስላሉት ጠየቀች። በአንዱ ውስጥ እርግብ ጎጆ ሠርታ ዝገት በልቶታል፤ ሌላው ግን ደህና ነው፤ ጥፋቱ መዘግየቱ ብቻ ነው።

«የሽያጩ ወረቀት አለ?»

«እኔ ወረቀት ጥዬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ያ ምድር ቤት አለው። የራሱን ተለጣፊ ይመልሱለት፤ ሚሞሪ የሚባለውን የማስታወሻ ክፍል ከሁለተኛው ተገጣጣሚ አውጥተው ይጨምሩለት፤ ይፈጥናል። በእሱ ላይ ማሻሻያ መግዛት ይችላሉ። ፎቁም ከምድር ቤቱ ጋር እንደሚወድቅ ይወቁት። ወደፊት አዲስ ማሽን የሚገዙ ቀን ደግሞ ከነፈቃዱ ይግዙት፤ ሳይነካካው እስኪያረጅ ለሚሠራበት ሰው ከማሽኑ ጋር የተጋባው ርካሽ ፈቃድ ያኔ ትክክል ነው።»

ባቡሩ እንደመጣለት ተንቀሳቀሰ። ሐጂ ቀሪውን መንገድ ገንዘቡን በጣታቸው ሲያሰሉ ቆዩ። ካይሮ ሲደርሱ ሻጩ ሁለቱን ማሻሻያ ጠቅልሎ ጠበቃቸው። ሰውዬው አንዱን መለሱለትና ሙሉውን ካርቶን ጠየቁ። ሻጩ ማሻሻያው ለሁሉም ማሽን ይሆናል ብሎ ማለ። ሐጂ ለየትኛው አሮጌ ፈቃድ ማሻሻያ እንደሆነ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ብዕሩ ጠፋበት። የቡሰይና አምባሮች ለአንድ ካርቶን፣ ለአንድ ማሻሻያና ለማዘርቦርዱ በቁ፤ ለመመለሻው ባቡር የከፈለችላቸው እስከ ሻጩ ሱቅ አብራቸው የሄደችው ኢብቲሃል ናት።

እሑድ ኡስታዝ መምዱሕ ከጸሐፊያቸው ጋር መጡ። ካርቶኑን አገላበጡ፤ ከሰገነት የወረደውን ማሽን፣ ተለጣፊውን፣ የፋብሪካውን የሽያጭ ወረቀትና ማሻሻያውን ጎን ለጎን አስተያዩ። ስለ ተለጣፊው መጨማደድ ሲጠየቁ ሐጂ አልዋሹም፤ ከባለቤቱ ማሽን ላይ ልጠው ለባዕድ ሰጥተውት እንደነበርና ወደ ባለቤቱ እንደመለሱት ተናገሩ። ጠበቃው በሕይወታቸው እንዲህ ያለ የእምነት ቃል ሰምተው አያውቁም። ለምን ሁለት ዓይነት ፈቃድ እንደገዙ ጠየቁ።

ሐጂም ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ አስረዱ። ይሄኛው ማሽን ነገ ቢቃጠል ፈቃዱን አውጥተው በሌላ ላይ ያደርጉታል፤ የጠበቃው መዝገብ አንድ ቀን አያድርም። ያኛው የራሱ አሮጌ ፈቃድ ስላለው አዲሱን በግማሽ ዋጋ ደርቦ ተቀምጧል። ሁለቱም በየጊዜው የሚላክላቸውን ጥገና ከባለቤቱ ይቀበላሉ፤ የኋላ በር የላቸውም። ርካሽ የሚባለው ከሻጩ አፍ የሚወጣው ዋጋ ሳይሆን ማሽኑ የሚሞትበት ቀን በእጅ የሚቀረው ነው። ሙዓሊም ቢሻራ ይህን ቢያውቅ ኖሮ፣ ብለው አቆሙ።

ኡስታዝ መምዱሕ የሁለት ዓመት የሥራ ውል ፈረሙላቸው።

ቡሰይና ፉልና ዳቦ ይዛ ስትመጣ ሐጂን ጠረጴዛውን ብቻቸውን ሲገፉ አገኘቻቸው። የተሰረቀ ኮፒ ያለው ሰው ፊቱን ወደ በር አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ማን እንደሚገባ ቀድሞ ለማየት። እሳቸውም ስንት ዓመት እንዲያ ተቀምጠው አንገታቸው ደርቋል። አሁን ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ፊታቸውን በጓሮው በኩል ወዳለችው ትንሽ መስኮት አዞሩ። ምሳውን ሳይነኩ፣ ግንባራቸውን ክንዳቸው ላይ ደፍተው፣ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቡሰይና አልቀሰቀሰቻቸውም፤ የገባውን ደንበኛ ሁሉ በጣቷ አፏን እየነካች ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ አደረገች።