ገና አልመጡም

እስራኤል ውስጥ ከረሆቮት ወደ መዝከረት ባትያ በሚሄደው ታክሲ፣ ከኋላዬ አንዲት ተማሪና አክስቷ ተቀምጠዋል።

«አክስቴ፣ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን ይስሙኝማ። ‹ገና› የሚለውን እያስገባችሁ፣ እስካሁን ስላልሆነ ነገር ጻፉ ተብለናል።»

«አማርኛውን ንገሪኝ።»

«‹አውቶቡሱ ገና አልመጣም።› ‹እኔ ገና ምሳ አልበላሁም።› ‹አያቴ ገና ከጎንደር አልመጡም።›»

«የመጨረሻውን ቀይሪው፣ ልጄ።»

«ለምን? ልክ ነው እኮ። የመግቢያ ፈቃዳቸው አልደረሰም ብላችሁኝ የለ?»

«ብለንሽ ነበር።»

«እና?»

«ሌላ ጻፊ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። አሁን የምንሄድበት አጎቴ ቤት ማን ማን አለ?»

«ሁሉም አሉ።»

«በሥራ ቀን?»

«አዎ። ስንደርስ አባትሽ ይነግርሻል።»

መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ አለፍሁት።