የመካነ ሰላም የኤሌክትሪክ ምሩቃን

ወላሂ ብያለሁ፤ አንዲት ቃል ብዋሽ ነገን አያሳየኝ! መካነ ሰላም ላይ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ሲመረቁ ነው። ሹሙ «ወሎን የሚያበሩ ኤሌክትሪሺያኖች አፈራን!» ከማለቱ ማይክሮፎኑ ጸጥ አለ። ምሩቃኑ ከነጋወናቸው ከበቡት። አንዱ ደብተሩን ያገላብጣል፣ ሌላው «እኛ የተማርነው በሰሌዳ ነው» ይላል። ቢቸግር ሬዲዮ ጠጋኙ ሰይድ ከአጥር ውጭ ተጠራ። ሰውዬው ሰርተፍኬት የለህም ተብሎ ሱቁ ሊታሸግበት ነው። የተበጠሰውን ሽቦ በጥርሱ ልጦ ሲቋጥረው ማይክሮፎኑ ደሴ ድረስ ጮኸ።

«ተባረክ!» አለ ሹሙ።

«ሱቄስ፣ ጌታው?»

«እሱማ ሰርተፍኬት ስታመጣ ነው!» ሲል አገር ሰማው። ሰይድ ጎንበስ ብሎ የቋጠራትን ሽቦ ነቀላት። ሹሙ እስኪመሽ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ።

እንግዲህ ነገን ማየት ስለምፈልግ አንዲት ትንሽ ነገር ላርም፦ ሰይድ ጨዋ ሰው ነው፤ ሽቦዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ።