«እንደምን አደራችሁ» የሚለው ሰርቨር

ከሸዋሮቢት በተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት መምህራን የትምህርት ቤታቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ ስለሚያገለግለው አሮጌ ሰርቨር ይከራከሩ ነበር።

«አዲሱን ዊንዶውስ አይችለውም፤ የማስታወሻ አቅሙ ትንሽ ነው። ቀለል ያለውን ሲስተም፣ ሊኑክስን እንጫንበት» አለ አንደኛው።

«ያለው ይበቃዋል።»

«በየሰዓቱ እየቆመ? ተማሪዎቹ እኮ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት!»

«የቆላው ሙቀት ነው። አቧራውን እናራግፍለት።»

«ትናንት አራገፍንለት። እውነቱን ንገረኝ እስቲ።»

«ሲከፈት ‹እንደምን አደራችሁ› ይላል።»

«ታዲያ?»

«የጻፈችው ሰናይት ናት። ጎጃም ከተዛወረች ወዲህ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።»

«አንተ ሰውዬ! ሊኑክሱም ላይ እኮ መጻፍ ይቻላል።»

«ያኔ የጻፍከው አንተ ነሃ።»

«ደውልላት እንግዲህ!»

«አግብታለች።»

«... እሺ፣ እስከ ሰኞ እንተወው።»

የመንግሥት ዕቃ የግል ትዝታ ማስቀመጫ አይደለም ብዬ ልገሥጸው አስቤ ነበር፤ ጀውሃ ደርሼ ስወርድ ግን «ሰኞንም እለፉት» አልኳቸው።