ሁለት ዛፍ የሚወጣ ኤሌክትሮን

አዛለችዬ፣ ይኼ ዝናብ ዛሬም አያባራም መሰለኝ። ሻይ ጨምሪ እንጂ፣ ደወሉ ገና ነው። ቀጥሎ አስራ ሁለተኛ ክፍሎችን ኳንተም ላስተምራቸው ነው። አንቺ የአማርኛ መምህር አይደለሽ? እስኪ ምሳሌዬን ስሚልኝ…

ድምፄን ልቀንስ? ለምን? እዚያ ጥግ ያለው የፊዚክስ ባልደረባዬ እንደሆነ ሻዩን ነው የሚያማስለው። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል… ግን ትጉህ ሰው ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉ የለ፣ ያልተማሩት? ኤሌክትሮን ግን ይወጣል! ማንም እስካላየው ድረስ ገሱባ ከተማም አለ፣ ቤሌ ከተማም አለ። ምን ያለ ተሰጥኦ ነው! ሰው ቢሆን ኖሮ ለአንድ ቅዳሜ «ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎ ለሁለት ቤት ቀጠሮ ይሰጥ ነበር።

ሰው ቢሆን ነው ያልኩት።

«ለማንም አትንገሪ፣ የታየ ነገር ይበላሻል» ብሎ ሲመክርሽማ! ሳይንስ ነዋ። ገሱባ ያሉት አባቴ ግን ሳይንስ አያውቁም። ለሚመጡት ሽማግሌዎች በግ አረዱ። እናቴ የዳጣውን ቃሪያ ስትፈጭ ዐይኗ ቀላ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ደጁን ሲያይ ዋለ… መሸ። መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነው አልን። የገሱባ መንገድ መቼም የማይሸከመው ሰበብ የለም።

በማግስቱ እሁድ፣ እዚህ ሶዶ ጸሎት ቤት የጋብቻ ማስታወቂያ ተነበበ። ታየ ማለት ነው። ሲታይ ቤሌ ተገኘ!

ለምን ቤሌ? እዚህ ላይ ሊቃውንቱ አይስማሙም። ገሚሶቹ «ምክንያት የለውም፣ ዕጣ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ «ዓለም ለሁለት ተሰነጠቀች፣ በሌላይቱ ገሱባ ገብቷል» ባይ ናቸው። «ዝም ብለህ አስላ» የሚሉም አሉ። እኔ ወደነዚህ አደላለሁ… የቤሌዋ ልጅ አባት ወፍጮ ቤት አላቸው አሉ።

ሳጥን ውስጥ የተዘጋች ድመትም አለች። ሳጥኑ ሳይከፈት ሞታለች፣ አልሞተችም እያሉ ስንት ዘመን ተከራከሩባት። ድመቷን የጠየቃት አለ? ውስጥ ሆኖ መጠበቅ እንዴት እንደሆነ… ተይው፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ኤሌክትሮኑ ደግሞ መርህ ያለው ነው፤ ያለመወሰን መርህ። ብርሃን ሞገድም ቅንጣትም ነው ይባል የለ? ሞገዱንስ አየነው። ቅንጣት እፍረት ግን… ምን ያስቅሻል አዛለች? ፊዚክስ እኮ ነው የማወራው!

ይኸው ተደወለ፣ ልሂድ። ሰው ሲያገባ መመረቅ ደግ ነው፤ አሜን እያልሽ። ጌታ ትዳሩን ይባርክለት። ጎጆው ይሙቅ። ሴት ልጅ ይስጠው፤ ቆንጆ፣ አንባቢ፣ የተነገራትን የምታምን። ስታድግም… ልክ እንደ አባቷ ያለ የተማረ ሰው ያጋጥማት።